ስልኩን ሰጠሁት፣ መጮሁን ግን አልተወም

ባለፈው እትም፣ ልጅ መርፌ ሲወጋ ሐሳቡን ወደ ሌላ ነገር መውሰድ ሕመሙን ያቀልለታል ብዬ በጥቂት መስመር ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ደብዳቤዎች ብዙ ናቸው። ግማሹ «እንዴት ነው የሚደረገው?» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ሞከርነው፣ አልሠራም» ይላል። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ በሙሉ የዚህ ጉዳይ ነው። ሕፃናት ክፍል የሠራሁ ነርስ ነኝና ነገሩ ከልቤ ነው፣ ለአንዳንዱ ረዘም አድርጌ ብመልስ ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ «ልጄ 4 ዓመቱ ነው። በሕመሙ ምክንያት በየጊዜው ደም ይቀዳለታል። ገና የላቦራቶሪውን በር ሲያይ መጮህ ይጀምራል። ነርሷ ስልክ አሳዪው ስላለችኝ ካርቱን ከፈትኩለት፣ መርፌው ሊገባ ሲል ስልኩን ወርውሮ ተነሣ። በዚያ ላይ ባለቤቴ ‹ልጁን እያታለልሽው ነው› ይለኛል። እውነት ማዘናጋት ይሠራል? ወይስ እንዲያው ማባበያ ነው?»
— የአንድ ልጅ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ይሠራል። ማታለልም አይደለም። ማታለል የሚሆንበት አካሄድ ግን አለ፣ ልጅሽ ስልኩን የወረወረውም ምናልባት ለዚያ ይሆናል።

መጀመሪያ ለምን እንደሚሠራ ልንገርሽ፣ ምክንያቱን ስታውቂ አደራረጉ ይቀልሻል። ሕመም ከቆዳ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ አንጎል የሚገባ ነገር አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1965 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ህብለ ሰረሰር ላይ፣ ማለትም በጀርባ አጥንት ውስጥ በሚያልፈው የነርቭ ገመድ ላይ፣ የሕመምን መልእክት የሚያሳልፍ ወይም የሚገታ እንደ በር ያለ ነገር አለ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በሩን የሚያጠብቡት ነገሮች ከሁለት አቅጣጫ ይመጣሉ። አንደኛው ከዚያው አካባቢ የሚመጣ ሌላ ስሜት ነው፣ ክርናችን ሲመታ ወዲያው የምናሸው ለዚህ ነው። ሌላው ከላይ፣ ከራሱ ከአንጎል የሚወርድ መልእክት ነው። የሐሳቡ ዝርዝር ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፣ ዋናው ነገር ግን እስከ ዛሬ አልወደቀም። በ2012 ጀርመን ሃምቡርግ ያሉ ተመራማሪዎች ፈቃደኛ ሰዎች ክንድ ላይ የሚያም ሙቀት እያደረጉ፣ ሰዎቹ ደግሞ ከበድ ያለ የማስታወስ ሥራ እንዲሠሩ እያደረጉ፣ ህብለ ሰረሰራቸውን በኤምአርአይ ተመለከቱ። ሐሳባቸው በሥራው ሲጠመድ እዚያው ህብለ ሰረሰሩ ላይ የሚታየው የሕመም ምላሽ ቀነሰ። ሰዎቹ ሕመሙን ችላ ስላሉት ብቻ አይደለም። መልእክቱ ራሱ ገና መንገድ ላይ እያለ ደክሟል። ይህንን ለባለቤትሽ ንገሪው።

ጥናቱ የአዋቂዎች ነው ትዪኝ ይሆናል። ወደ ልጆች ስንመጣ፣ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን እያሰባሰበ የሚመዝን ተቋም በ2018 ከመርፌ ሕመም ጋር የተያያዙ 59 ጥናቶችን ገምግሟል። ማዘናጋት ሕመምንም ጭንቀትንም ይቀንሳል ነው ያሉት። አብዛኞቹ ጥናቶች በጥራት ደካማ መሆናቸውንም አልደበቁም። እኔ ግን ጉዳት የሌለው፣ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነገር ከሆነ ይህ ይበቃኛል።

አሁን ወደ ስልኩ። ሁለት ነገር የተበላሸ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ሰዓቱ ነው። ልጅሽ መጮህ የጀመረው በሩ ላይ ሲሆን ስልኩ የወጣው ግን ወንበሩ ላይ ነው። ፍርሃት አንዴ ጣራ ከነካ በኋላ ካርቱን አያወርደውም። ጨዋታው ኮሪደሩ ላይ፣ እሱ ገና ሳይረበሽ ይጀመር፣ መርፌው ሲገባ ጨዋታው መሃል ላይ ይሁን፣ ፕላስተሩ ከተለጠፈ በኋላም ትንሽ ይቀጥል። ሁለተኛው፣ ካርቱን ዝም ብሎ ማየት ልጁን አያሠራውም። ዐይኑ ስክሪኑ ላይ ሆኖ ሐሳቡ ክንዱ ላይ ሊሆን ይችላል። በእኔ ልምድ የዚህ ዕድሜ ልጅ ሐሳቡ የሚያዘው እጁ ወይም አፉ ሥራ ሲያገኝ ነው። ስልኩን ከፈለገ ይሁን፣ ግን አንቺም አብረሽ ተመልከቺ፦ «ድመቷ የት ገባች? አሳየኝ እስቲ! አሁን ማን ሊመጣ ነው?»

ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ግን የሳሙና አረፋ ነው። ቀለበቷን ከአፉ ፊት ትይዢለታለሽ። በኃይል ከነፋ አረፋው ይፈነዳል፣ ቀስ ካለ ያድጋል፣ ስለዚህ ማንም ሳያስተምረው ትንፋሹን ቀጠን ረዘም አድርጎ ያወጣል። ያ ረጅም ትንፋሽ ሰውነቱን ያላላዋል። ደግሞ ልብ ብለሽ ካየሽው፣ እየጮኹ አረፋ መንፋት አይቻልም። «አሁን ትልቁን!» ስትዪው ከንፈሩን አሹሎ፣ ዐይኑ ቀለበቷ ላይ ተተክሎ ይነፋል፣ ነርሷም ያንኑ ትንፋሽ ጠብቃ ታስገባለች። አረፋ ከሌለ ከወረቀት የተሠራች ሽክርክሪት ትበቃለች። እሷም ከሌለች ጣትሽን ሻማ ነው በዪና ያጥፋልሽ።

ወደ ማታለሉ ልመለስ። ማታለል የሚሆነው ልጁ ምንም እንደማይደረግ ተነግሮት፣ በጨዋታው ተጠምዶ ሳለ ድንገት ሲወጋ ነው። እንዲህ ከሆነ ስልኩ ራሱ የመርፌ ምልክት ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜ ገና ስልኩን ስታወጪ ይጮሃል፣ ልክም ነው። ስለዚህ ቀድመሽ ንገሪው። ለ4 ዓመት ልጅ ሳምንት ሲቀረው መንገር ሳምንቱን ሙሉ ማስጨነቅ ነው፣ በዚያው ቀን ይበቃል። እንዲህ በዪው፦ «ዛሬ ከክንድህ ደም ይቀዳል። አንዳንድ ልጆች ሲገባ ቆንጠጥ ያደርገናል ይላሉ፣ አንዳንዶች ሲገፋ ይሰማናል ይላሉ። አንተ ምን እንደተሰማህ ትነግረኛለህ። እኔ ጭኔ ላይ እይዝሃለሁ፣ አንተ አረፋ ትነፋለህ።» ምርጫም ስጪው፣ ግን እውነተኛ ምርጫ ይሁን። «አረፋ ይሻልሃል ወይስ ስልክ?» ይባላል። «እንወጋ?» አይባልም፣ እንቢ ካለ ምን ልታደርጊ ነው?

የልጅሽ ምርመራ የሚደጋገም ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ሐኪሙን ስለ ማደንዘዣ ቅባት ጠይቂው። ሊዶካይንና ፕሪሎካይን ያለበት ቅባት መርፌው የሚገባበት ቦታ ላይ ተቀብቶ ሲሸፈን ቆዳውን ያደነዝዛል። አብዛኛውን ጊዜ 60 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ መቀባት አለበት፣ ስለዚህ ደርሰሽ «አለ ወይ?» ማለት አይጠቅምሽም። ማዘናጋት ከቅባቱ ጋር ሲሆን ነው የሚያምርበት።

ጥያቄ፦ «ልጄ ሲወጋ አጠገቡ ቆሜ ‹አይዞህ፣ ምንም አይልም፣ አለቀ፣ አለቀ› ስለው ይብስበታል። አንዳንዴ አስተኝተን፣ እጅ እግሩን ለሦስት ለአራት ይዘን ነው የሚወጋው። አንጀቴን ይበላኛል። ከክፍሉ ብወጣ ይሻል ይሆን?»
— የ3 ዓመት ልጅ አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትውጣ። ልጁ ከመርፌው በላይ የሚፈራው ብቻውን መቅረቱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 ስለ ክትባት ሕመም ባወጣው መመሪያ ወላጅ አብሮ እንዲሆን ይመክራል። መርፌ ስታይ የሚያዞርህ ከሆነ ደግሞ ተቀመጥ፣ ወደ ልጁ ፊት እንጂ ወደ መርፌው አትይ።

የምትለው ነገር ግን ይለወጥ። ክፍል ውስጥ የሚባለውን ቃል በቃል እየመዘገቡ ያጠኑ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያዩት ነገር አለ። ወላጅ «አይዞህ»ን ሲደጋግም፣ ይቅርታ ሲጠይቅ ወይም ሲቆጣ የልጁ ጭንቀት ከፍ ብሎ ይገኛል። ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ ወይም «በል ንፋ፣ አሁንም ንፋ» እያለ ሲመራው ደግሞ ይረጋጋል። በከፊል ልጁ ሲያለቅስ ነው ወላጅ «አይዞህ» የሚለው፣ ስለዚህ የትኛው የትኛውን እንዳመጣው መለየት ቀላል አይደለም። ቢሆንም እስቲ በልጁ ቦታ ሆነህ እየው። አባቱ ፊቱን አጨማዶ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ አሥር ጊዜ «አይዞህ» ይለዋል። ልጁ የሚረዳው «አባዬም ፈርቷል» የሚለውን ነው። አንድ ጊዜ ብለኸው እለፍ፣ ከዚያ ወደ ሥራችሁ። «ትናንት የጀመርንልህ ታሪክ የት ደርሶ ነበር? አንበሳው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ... ከዚያስ?» አንተ ሆን ብለህ ተሳሳት፣ «ከዚያማ አንበሳው በረረ» በለው። የ3 ዓመት ልጅ ሲያርምህ ሌላ ነገር ለማሰብ ጊዜ የለውም።

አያያዙ ደግሞ በጣም ወሳኝ ነው። ልጅን በጀርባው አንጋሎ፣ ትልልቅ ሰዎች ከላይ ሲያዩት፣ የትኛውም ሰው ይደነግጣል። አሁን እንዲህ አድርግ። ወንበር ላይ ተቀመጥ። ልጁን ፊቱን ወደ አንተ አዙረህ ጭንህ ላይ አስቀምጠው፣ እግሮቹ ወገብህን በግራና ቀኝ ይቀፉ። ደረቱ ደረትህ ላይ ያርፍ። አንዱ እጁ በብብትህ ሥር ወደ ጀርባህ ይለፍ፣ የሚወጋው ክንድ ደግሞ ወደ ነርሷ ይውጣ፣ አንተ ከክርኑ በታች በመዳፍህ ያዝ አድርገው። አገጩን ትከሻህ ላይ ሲያስደግፍ ከጀርባህ ያለውን ነገር ያያል። እናቱ ከኋላህ ቆማ መጽሐፍ ወይም አረፋ ትይዝለታለች። ይህ እቅፍ ነው፣ ግን እጁ አይንቀሳቀስም። ጭን ሲወጋ ከሆነ ጀርባውን ለደረትህ ሰጥቶ ይቀመጥ። ነርሷን ቀድመህ «እንዲህ ልይዘው እፈልጋለሁ» በላት። አብዛኞቹ ደስ ይላቸዋል።

ጥያቄ፦ «ልጄ ገና 2 ወሯ ነው፣ የመጀመሪያ ክትባቷ ደርሷል። ተረት አይገባት፣ አረፋ አትነፋ። ለእንዲህ ያለች ሕፃን ምን ይደረጋል? ሕፃን ሕመም ቶሎ ይረሳል ይባላል፣ እውነት ነው?»
— አዲስ እናት

መልስ፦ ከኋለኛው ልጀምር። ሐኪሞች ራሳቸው አራስ ሕፃን ሕመም እንደ ትልቅ ሰው አይሰማውም ብለው ለብዙ ዘመን ያምኑ ነበር፣ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ቀዶ ሕክምና እንኳ በቂ ማደንዘዣ ሳይሰጣቸው የተደረገላቸው ሕፃናት ብዙ ናቸው። በ1987 ካንዋልጂት አናንድና ባልደረቦቹ ማደንዘዣ ያገኙት ሕፃናት ሰውነታቸው ቀዶ ሕክምናውን በተሻለ እንደተቋቋመው አሳዩ፣ ነገሩም መለወጥ ጀመረ። በ1997 ደግሞ አና ታዲዮና ባልደረቦቿ ያለ ማደንዘዣ የተገረዙ ወንዶች ሕፃናት ከወራት በኋላ ክትባት ሲወጉ፣ ካልተገረዙት ይልቅ ጠንከር ያለ የሕመም ምላሽ እንዳሳዩ አገኙ። በቃል አያስታውሱትም፣ ሰውነታቸው ግን አልረሳውም።

ለልጅሽ የሚሻላት መድኃኒት አንቺ ነሽ። ጡት አጥቢያት። ከመርፌው በኋላ ብቻ አይደለም፣ ከመርፌው ቀደም ብለሽ ጀምሪ፣ በደንብ ይዛ መጥባት ስትጀምር ይወጓት፣ ከዚያም ሳትነጥያት ቀጥዪ። መጥባቱ፣ ጣዕሙ፣ ሙቀትሽ፣ ሽታሽ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይሠራሉ። ትን ይላታል ብለው የሚፈሩ አሉ፣ በጥናቶቹ ውስጥ ግን ይህ ችግር ሆኖ አልተገኘም። ጡት የማትጠባ ከሆነ ልብሷን ገለጥ አድርገሽ ደረትሽ ላይ እቀፊያት። በአንዳንድ ቦታ ጠብታ ስኳር ውሃ ይሰጣሉ፣ እሱም ለአጭር ሕመም ይረዳል፣ መጠኑን ግን ባለሙያው ይወስን። በቤት አትሞክሪው። ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም። በአፍ የሚሰጥ ጣፋጭ ክትባት በዚያው ቀን ካላት ከመርፌው በፊት እንዲሰጧት ጠይቂ፣ ጣዕሙ ይረዳታል።

ከፍ እያለች ስትመጣ ደግሞ ዐይኗም ያግዝሻል፣ ማለትም የሚያብረቀርቅ፣ የሚንኳኳ፣ የሚበራ ነገር ሐሳቧን ይይዛል። ያኔ አዲስ አሻንጉሊት ይዘሽ ሂጂ፣ በቤት አይታ የሰለቸችውን አይደለም።

ጥያቄ፦ «ክትባት ክፍል ነው የምሠራው። ኮሪደሩ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። አረፋ፣ ተረት፣ እቅፍ እያልኩ ብውል ወረፋው መቼ ያልቃል? ሐሳቡን እወደዋለሁ፣ ጊዜ ግን የለኝም።»
— ነርስ

መልስ፦ ባልደረባዬ፣ ይገባኛል። ግን ሰዓት የሚበላው ምን እንደሆነ እስቲ አንድ ቀን ልብ በይ። እየተወራጨ ያለን ልጅ ለመያዝ ሰው ሲጠራ፣ መርፌው ሳይገባ ሲወጣ፣ እንደገና ሲሞከር፣ ውጭ ያሉት ልጆች ጩኸቱን ሰምተው ሲጀምሩ ነው ወረፋው የሚጓተተው። አንድ ልጅ ተረጋግቶ ሲወጣ ቀጣዩ ቢያንስ ጩኸት ሰምቶ አይገባም።

አብዛኛው ነገር ደግሞ ደቂቃ አይጨምርም። የ2015ቱ መመሪያ፣ ቀደም ያልኩት፣ ክትባት በጡንቻ ሲሰጥ መርፌው ከገባ በኋላ ወደ ኋላ ስቦ ደም መኖሩን ማየት አያስፈልግም ይላል፣ ሕመም ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም። ይህ እንዲያውም ጊዜ ይቆጥብልሻል። በአንድ ቀን ብዙ መርፌ ካለ በጣም የሚያቃጥለው መጨረሻ ይሁን። ከ3 ዓመት በላይ ያሉት ተቀምጠው ይወጉ። ከ6 ዓመት በታች ላሉት ማዘናጋትን እዚያው መመሪያ ውስጥ ታገኚዋለሽ። አነጋገርም አለ፦ «አሁን ልወጋህ ነው፣ ሊያምህ ነው» ከማለት «እሺ፣ ልጀምር ነው» ማለት። «ምንም አያምም» ግን አትበዪ፣ ከዋሸሽው በኋላ በሚቀጥለው ክትባት አያምንሽም።

አዘናጊው አንቺ መሆን የለብሽም። እጅሽ ሥራ ላይ ነው። ወላጁን ሥራ ስጪው። ሲገቡ «ምን ይወዳል?» ብለሽ ጠይቂ፣ መልሱን ስትሰሚ «በቃ እሱን እያወራችሁ ቆዩ» በዪ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፊ፦ ልጅዎን በእቅፍ ይያዙ፣ መጫወቻ አሁኑኑ ያውጡ። የሚያወራው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ይሁን። እናት «እይ እዚህ»፣ አባት «አይዞህ»፣ አያት «ጎበዝ»፣ አንቺ «አትንቀሳቀስ»፣ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲሆን ልጁ ማንን ይስማ? ክፍሉ ውስጥ በቀላሉ የሚጸዳ አንድ ሁለት መጫወቻ ይኑር፣ ከልጅ ልጅ ሲተላለፍ ይጠረግ። ድምፅና ብርሃን የሚረብሻቸው ልጆችም አሉ፣ ኦቲዝም ያለባቸውን ጨምሮ፣ ለነሱ የሚንጫጫ መጫወቻ ራሱ ሕመም ነው። ምን እንደሚያረጋጋቸው ወላጅ ያውቃል፣ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ «ሴት ልጄ 7 ዓመቷ ነው። ወደ ሌላ እዪ ስላት እንቢ ትላለች፣ መርፌው ሲገባ ማየት አለብኝ ትላለች። ላስገድዳት?»
— እናት

መልስ፦ አታስገድጃት። አንዳንድ ልጆች የሚረጋጉት ሁሉን ሲያዩ ነው። ነርሷ ምን እንደምታደርግ በቅደም ተከተል ትንገራት፣ እሷም ትቁጠር። ያው ቁጥሩ ራሱ ሥራ ሆነላት። ሐሳቧን ብትቀይርና ፊቷን ብታዞርም ችግር የለውም።

ጥያቄ፦ «የ5 ዓመት ልጄ ውሃ ተደፍቶባት ተቃጥላለች። ቁስሏ በየጊዜው ይታጠባል፣ ፋሻው ይቀየራል። የምታሰማው ድምፅ ከጆሮዬ አልጠፋ አለ። ስለ ማዘናጋት ሲወራ ሰምቼ ታብሌት ይዤላት ሄድኩ፣ ምንም አልረዳትም። የኔ ጥፋት ነው?»
— የተጨነቀች እናት

መልስ፦ እግዜር ይማርልሽ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ይህንን ጥያቄ ከሁሉ በላይ ልመልሰው የፈለግኩት ነው፣ ምክንያቱም ማዘናጋት የሚጎዳበት ቦታ አለ፣ እሱም የማደንዘዣ ምትክ ሲደረግ ነው። ለአንዲት የክትባት መርፌ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ለቃጠሎ ቁስል፣ አጥንት ሲገጠም፣ ከጀርባ ፈሳሽ ሲወሰድ አይበቃም። እዚያ መጀመሪያ መድኃኒት ነው የሚያስፈልገው። ልጅሽ «ጎበዝ ስላልሆነች» አይደለም የጮኸችው፣ ስላመማት ነው።

ስለዚህ ሐኪሙን በቀጥታ ጠይቂው፦ «ከማጠባችሁ በፊት ምን የሕመም ማስታገሻ ታገኛለች? ስንት ደቂቃ ቀድሞ?» በአፍ የሚሰጥ መድኃኒት ለመሥራት ጊዜ ይፈልጋል፣ ፋሻው ሊፈታ ሲል የሰጡት መድኃኒት የሚሠራው አጥበው ከጨረሱ በኋላ ነው። ያልበቃት እንደሆነ ሳትፈሪ ተናገሪ። ለዚህ ዕድሜ ፊት የተሣለባቸው መለኪያዎች አሉ፣ ከሚስቀው እስከሚያለቅሰው ያሉ፣ ልጅቷ ሕመሟን የሚመስለውን ፊት ታመለክታለች። እሷ ያመለከተችውን ተቀበሉ፣ አትከራከሯት።

መድኃኒቱ ከተስተካከለ በኋላ ግን ማዘናጋት ብዙ ይጨምራል። እንዲያውም ይህ ነገር በጥልቀት ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዱ የቃጠሎ ክፍል ነው። አሜሪካ ሲያትል ውስጥ ሃንተር ሆፍማንና ዴቪድ ፓተርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ታካሚዎች ቁስላቸው ሲታጠብ ዐይን ላይ በሚደረግ መሣሪያ በረዷማ ሸለቆ ውስጥ እየተጓዙ የበረዶ ኳስ የሚወረውሩበት ጨዋታ አዘጋጁ። ከመደበኛው መድኃኒት ጋር ሲጠቀሙበት ታካሚዎቹ የሚናገሩት ሕመም ቀነሰ። መሣሪያው ባይኖርሽም ሐሳቡ ይወሰዳል። የሚወረወር፣ የሚመረጥ፣ የሚሠራ ነገር ይሁን፣ የሚታይ ብቻ አይሁን።

ለቃጠሎ ልጆች ደግሞ ከማዘናጋት እኩል የሚረዳ አንድ ነገር አይቻለሁ፣ ሥልጣን። «ከየትኛው ጎን እንጀምር?» ብላችሁ ጠይቋት። ነርሷ ከፈቀደች የረጠበውን ፋሻ ጫፍ ራሷ ትሳብ፣ በራሷ እጅ ስታነሣው ፍጥነቱን ታውቀዋለች። እጅ ስታነሣ ለአጭር ጊዜ እንድትቆሙላት ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ስታነሣም በእውነት ቁሙ። መጀመሪያ ላይ ደጋግማ ታነሣለች፣ ልትፈትናችሁ። እንደሚቆሙላት ስታምን እየቀነሰች ትመጣለች። የሚቻል ከሆነ ደግሞ አጠባው አልጋዋ ላይ አይሁን። አልጋዋ የምታርፍበት ይሁን፣ የሚያማት ነገር የሚደረግበት አይሁን።

ጥያቄ፦ «ልጄ፣ የልጅ ልጄን እኔ ነኝ የማሳድገው። ሐኪም ሲባል አልጋ ሥር ይገባል። ቤት ውስጥ ሲያስቸግር ‹መርፌ ነው የማስወጋህ› ይሉታል ታላላቆቹ፣ እኔም አንዳንዴ ብዬዋለሁ። አሁን ክትባት አለበት። ከተወጋ በኋላ የሆነ ነገር እገዛልሃለሁ ብለውስ?»
— አያት

መልስ፦ እማማ፣ መጀመሪያ ያችን ማስፈራሪያ ከቤት ያውጡልኝ፣ ለታላላቆቹም ይንገሩልኝ። መርፌ ቅጣት ነው ብሎ ካመነ ክትባት ክፍል ሲገባ «ምን አጠፋሁ?» ነው የሚለው፣ አረፋም ተረትም አይመልሰውም። ስጦታ ክፉ አይደለም፣ ትንሽ ነገር ይሁን፣ ቀድመው ቃል ከገቡለትም አልቅሶም ቢሆን ይስጡት። «ካላለቀስክ ነው የምሰጥህ» አይበሉት፣ ማልቀስ ጥፋት አይደለም።

ከክትባቱ በፊት ባሉት ቀናት ሐኪም ሐኪም ይጫወቱ። አሻንጉሊቱን እሱ ይውጋ፣ እርስዎ አሻንጉሊቷን አቅፈው ይያዙ፣ አረፋ ይንፉላት። ያኔ በቀኑ ምን እንደሚሆን ቅደም ተከተሉን ያውቀዋል፣ የእርስዎንም ሥራ ያውቃል።

ከተወጋ በኋላ ያለው ወሬ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። መርፌውን ከነበረው በላይ አሳማሚ አድርገው የሚያስታውሱ ልጆች በሚቀጥለው ጊዜ የባሰ ይጨነቃሉ። ስለዚህ ማታ ላይ «አመመህ?» ብለው አይጀምሩ፣ «ድብን ብሎ አለቀሰ» እያላችሁም ለእንግዳ አታውሩበት። ይልቅ ያደረገውን ይጠይቁት፦ «ስንት አረፋ ነፋህ? ትልቁ የት ሄደ? ክንድህንስ ማን ነው ጸጥ አድርጎ የያዘው?» አምሞኝ ነበር ካለም «አዎ፣ ቆንጠጥ አድርጎህ ነበር፣ አንተ ግን መንፋትህን አላቆምክም» ይበሉት። ይህንን የሚሉት ግን እውነት ከሆነ ብቻ ነው፣ መንፋቱን አቁሞ ከነበረ ያደረገውን ሌላ ነገር ይፈልጉለት። ለምሳሌ ሲያበቃ እንባውን ራሱ ጠርጎ ይሆናል፣ ወይም ነርሷን ቻው ብሏት ይሆናል። እሱን ይንገሩት።